የጂኦግራፊ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከበረዶ ግግር ሥር ያለችው ፊዬርላንድ

ክበባችን ከዚህ ቀደም በየሳምንቱ አዲስ አገር እያነሳ ይጥል ነበር። ዘንድሮ አንድ ትንሽ ቦታ ይዘን ዓመቱን ሙሉ እንድንቆይበት ሐሳብ አቀረብኩ፤ አባላቱም ተስማሙ። ቦታው በምዕራብ ኖርዌይ የምትገኘው ፊዬርላንድ ናት፤ ነዋሪዎቿ ሦስት መቶ ገደማ ብቻ ናቸው። እሷን የመረጥኩት በመማሪያ መጽሐፍ በየምዕራፉ ተበታትነው የምናገኛቸው ነገሮች፣ ማለትም የበረዶ ግግር፣ ሞሬይን (ግግር ገፍቶ የከመረው የድንጋይና የአፈር ክምር)፣ ዴልታ፣ ሰፈራና መንገድ፣ እዚያ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ተሰብስበው ስለሚገኙ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሳለፍነው ካርታ በማንበብ ነበር። ሶግኔፊዮርድ የኖርዌይ ረጅሙ ፊዮርድ (ግግር በቆፈረው ሸለቆ ውስጥ የገባ ጠባብ የባሕር ክንድ) ሲሆን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ መሬት ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ከቅርንጫፎቹ አንዱ ወደ ሰሜን ታጥፎ ሲያበቃ ፊዬርላንድ ላይ ይደርሳል፤ ከመንደሯ በላይ ደግሞ ከዋናው የአውሮፓ ምድር ትልቁ የሆነው የዮስቴዳልስብሬን የበረዶ ግግር ተንጣልሎ ይታያል። ቦታው 61 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነ ሰኔ 14 አካባቢ ቀኑ ወደ 19 ሰዓት ይረዝማል፤ ታኅሣሥ 12 አካባቢ ግን 6 ሰዓት እንኳ አይሞላም። የቀንና የሌሊት ርዝመት እምብዛም በማይለያይበት አገር ላደጉ ልጆች ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም። በአምፖልና በሉል ደጋግመን አሳየናቸው።

ከሁሉ በላይ የደከምንበት ሥራ የካርቶን ሞዴሉ ነው። እያንዳንዱ የካርቶን ንጣፍ 100 ሜትር ከፍታ እንዲወክል ወስነን በኮንቱር መስመሮቹ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች በሚያገናኙት የካርታ መስመሮች) ላይ መቁረጥ ጀመርን። ገና በጅምሩ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ «የባሕሩን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጥነው የባሕሩ ሥር የት ይገባል?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ሥራውን በሙሉ ለወጠው። ሶግኔፊዮርድ በጥልቁ ቦታ 1,308 ሜትር ይወርዳል፤ ስለዚህ ከባሕር ወለል በታች 13 ንጣፍ፣ ከዚያ በላይ እስከ ግግሩ አናት ደግሞ ወደ 20 ንጣፍ አስፈለገን። ሲጠናቀቅ የተራራው ግድግዳ ውሃው ዳር ሳይቆም ቁልቁል ወደ ባሕሩ ሥር እንደሚቀጥል ሁሉም በዓይኑ አየ። ወደ ውቅያኖሱ አፍ ሲጠጉ ግን የፊዮርዱ ሥር እንደገና ከፍ ይላል። በዘመነ በረዶ የነበረው ግግር በተራሮች መካከል ታምቆ ሲጓዝ ሸለቆውን በኃይል ፈልፍሎ ነበር፤ ወደ ባሕሩ ዳር ሲደርስ ግን ስለተበተነና ስለሳሳ ያን ያህል መቆፈር አልቻለም። የዓባይን ሸለቆ የቀረጸው ወንዝ ስለሆነ ቅርጹ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። የፊዬርላንድ ሸለቆ ግን ሰፊ ወለልና ቀጥ ያለ ግድግዳ አለው። ሁለቱን በጎን ለጎን ስዕል ያነጻጸረው ቡድን ሥራ የዓመቱ ምርጥ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ በእንዲህ ያለ ገደል መካከል ሰው የት ይኖራል? መልሱ ሸለቆው መጨረሻ ላይ ያለው ጠባብ ሜዳ ነው። ግግሩ የፈጨውን አሸዋና ጠጠር ወንዞቹ ተሸክመው አምጥተው አፋቸው ላይ ዴልታ ሠርተዋል። ሣር የሚታጨደው፣ በግና ላም የሚረባው እዚያው ነው፤ በስደት የሚያልፉ ወፎች የሚያርፉበት ጥብቅ ሥፍራም በዴልታው ላይ ይገኛል። ከሜዳው በላይ ሱፕሄሌብሬን የሚባለው የግግሩ ክንድ አለ። ከላይኛው ግግር በረዶ እየተናደ ገደሉ ሥር ይከመርና ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይል ቦታ እንደገና ግግር ይሆናል።

በጥር ወር የሠራነው ሙከራ በብርጭቆ ነበር። ብርጭቆውን በጨዋማ ውሃ ሞላነው፤ ከዚያ ቀይ ቀለም የተቀላቀለበትን ጨው አልባ ውሃ በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ እያደረግን አፈሰስንበት። ቀዩ ውሃ ከላይ ተንሳፍፎ ቀረ። ፊዮርዱም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው፦ የግግር ቅላጭ የሆነው ቀላል ውሃ በባሕሩ ውሃ ላይ ይተኛል፤ በውስጡ የያዘው የደቀቀ የድንጋይ ዱቄት ብርሃን ስለሚበትን በሞቃቱ ወቅት ፊዮርዱ ወደ አረንጓዴ ያደላል። የአትላንቲክ ሞቃት ሞገድ የኖርዌይን ዳርቻ ከመርጋት ቢጠብቀውም የውስጠኞቹ ቅርንጫፎች አንዳንዴ በብርዱ ወቅት የሚረጉት ጨው የሌለው ውሃ ቶሎ ስለሚረጋ ነው።

ብዙ ክርክር ያስነሳው ግን መንገዱ ነበር። እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ፊዬርላንድ የሚኬደው በጀልባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ከግግሩ ሥር ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ተከፈተ፤ መርቀው የከፈቱት የቀድሞው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ዋልተር ሞንዴል ናቸው፤ የቤተሰባቸው ስም የመጣው የመንደሯ እምብርት ከሆነችው ከሙንዳል ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሌላ ዋሻ ወደ ሶግንዳል ከተማ አገናኛት። መኪና የሚያመላልሰው ጀልባ ሲቀር መንደሯ ፊቷን ከባሕሩ ወደ መንገዱ አዞረች። ነዋሪዎቹ ደግሞ የቆዩ በረቶችንና የጀልባ መጠበቂያ ክፍሉን ሳይቀር ወደ አሮጌ መጻሕፍት መሸጫነት ቀየሯቸው። በአርክቴክት ስቬሬ ፌን የተነደፈው የኖርዌይ የበረዶ ግግር ሙዚየምም እ.ኤ.አ. በ1991 እዚያው ተከፈተ። «መንገዱ መንደሯን አዳናት ወይስ መተላለፊያ አደረጋት?» በሚል በሚኒ ሚዲያ ያካሄድነውን ክርክር ብዙ ተማሪ ቆሞ አዳምጧል። እኔ የማምነው መንገድ ብቻውን መንደር እንደማያድን፣ ነዋሪዎቹ የራሳቸውን ነገር ባይፈጥሩ ኖሮ መኪናው ሁሉ አልፏቸው ይሄድ እንደነበር ነው። ከአባላቱ ግማሽ ያህሉ አልተስማሙኝም፤ የተቃወሙኝም በማስረጃ ነው።

ሞዴሉን በወላጆች ቀን ለእይታ ካቀረብን በኋላ ለቤተ መጻሕፍቱ አስረክበናል። ካርቶን ለሰጡን የአካባቢው ሱቆች፣ ላብራቶሪውን ለከፈቱልን የኬሚስትሪ መምህራን ምስጋናችን ይድረሳቸው። በሚቀጥለው ዓመት ወደ አገራችን ተመልሰን የባሌውን ሳነቴ አምባ እናጠናለን፤ ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እዚያም የበረዶ ግግር ነበር። መሳተፍ የሚፈልግ ተማሪ በመስከረም ወር ጂኦግራፊ ክፍል መጥቶ ይመዝገብ።