እማዬ፣ ካርቶኑ ላይ «ልብስ» አታስብሉ

ሐምቡርግ፣ ጥር 12

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥምቀትን ዘንድሮም በስልክ ነው ያከበርኩት።

የላክሽው ካርቶን ደርሷል። ቤቴ ድረስ ግን አልመጣም፤ ወረቀት ተላከልኝና ጉምሩክ ሄጄ ነው የተቀበልኩት። ሠራተኛው ቢላ ሰጠኝና «ክፈተው» አለኝ። የተሞላው ፎርም «ልብስ» ይላል። ታናሼ እንደሞላው ገብቶኛል፣ ለእኔ አስቦ ነው። ገና ቴፑን ስቀደው የቡናሽ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሰውዬው ፎርሙን አየ፣ ቡናውን አየ፣ እኔን አየ። ሥራህ ምንድን ነው ቢለኝ ምን እላለሁ? ቀኑን ሙሉ ዲክላራሲዮን፣ የሰው ዕቃ ለጉምሩክ የሚገለጽበትን ቅጽ፣ የምሞላ ሰው ነኝ እኮ!

ቡናው ሦስት ኪሎ ነበር። በፖስታ በስጦታ የሚመጣ ቡና በነፃ የሚያልፈው እስከ ግማሽ ኪሎ ብቻ ነው። እዚህ አገር የቡና ግብር የሚባል ነገር አለ፤ በተቆላ ቡና ላይ በኪሎ 2.19 ዩሮ። ደግሞ የዛሬ ብቻ እንዳይመስልሽ። በፈረንጆቹ 1781 የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ቤት ውስጥ ቡና መቁላት ከልክሎ፣ ከጦር ሜዳ ቆስለው የተመለሱ ወታደሮችን በየሰፈሩ ሽታ እንዲያነፈንፉ አሰማርቶ ነበር። አንቺ ያኔ እዚህ ብትኖሪ አቦሉ ሳይደርስ ተይዘሽ ነበር።

ቡናውን ከፍዬ ወሰድኩ። በሃይላንድ ያሸግሽው ንጥር ቅቤ ግን እዚያው ቀረ። ሥጋና የወተት ነገር እንዲህ በካርቶን ከእኛ አገር ወደ አውሮፓ ኅብረት አይገባም። ሰውዬው በጓንት አንስቶ ገንዳ ውስጥ ሲከተው አንጀቴ ቁርጥ አለ። በርበሬውና ሽሮው አልፈዋል።

አሁን ደግሞ እንዳትቆጪኝ። በኅዳር መሥሪያ ቤቴ ለአራት ቀን ጅቡቲ ልኮኝ ነበር። እዚያ ድረስ መጥቼ ሳላይሽ መመለሴን ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው። አንድ ኮንቴይነር ቡና ዶራሌ ወደብ ላይ ቆሞብን ነበር። 320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ። የኮንቴይነሩ በር የታሸገበት ማሸጊያ ላይ ያለው ቁጥር በ9 ያልቃል፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ በ6። የጻፈው ሰው እጁ ስቶት ነው። ግን ጉምሩክ ያንን በምን ያውቃል? መንገድ ላይ ተከፍቶ እንደገና የታሸገ ቢሆንስ? በዚያ ሙቀት ጎንበስ ብዬ ቁጥሩን በጣቴ እየነካሁ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። 9 ነው።

እኔ በእንግሊዝኛ፣ የወደቡ ሰው በፈረንሳይኛ፣ አዲስ አበባ ያለው ትራንዚተር፣ የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽመው ሰው፣ በስልክ በአማርኛ። 0901 ስንል ግን ሦስታችንም ገባን። ቡና ማለት ነው፤ በፈረንጆቹ ከ1988 ጀምሮ በየአገሩ የሚሠራበት የዕቃ ቁጥር ነው። ብራስልስ ያለው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ነው የሚያስተዳድረው። ለሥልጠና ብራስልስ የሄድኩ ጊዜ በሕይወቴ እንደዚያ የደከመኝ ቀን የለም ብዬሽ ነበር፤ ጅቡቲ ላይ ነው ጥቅሙ የታየኝ። የተስተካከለው ወረቀት በማግስቱ መጣ፣ ማሸጊያው ተመሳከረ፣ ኮንቴይነሩ መርከብ ላይ ወጣ።

ለታናሼ ይህን አንብቢለት። ቡና ቆልቼ ጀርመን ልላክ ወይ ብሎኛል። ይላክ! ልዩ ቅናሽ የሌለው አገር የተቆላ ቡና ሲያስገባ 7.5 በመቶ ቀረጥ ይጠየቃል፤ የእኛ በፈረንጆቹ ከ2001 ጀምሮ ያለ ቀረጥ ነው የሚገባው። የቡና ግብሩ ግን አይቀርለትም፣ ዋጋ ሲያወጣ ያስገባው። ቡናው የኢትዮጵያ መሆኑን የሚያሳይ የመነሻ ማረጋገጫም ያስፈልገዋል። ጭነቱ ከ6000 ዩሮ ካለፈ ደግሞ ያንን መጻፍ የሚችለው የተመዘገበ ላኪ ብቻ ነው። «ልብስ» የጻፈባት እጁ ግን ታስፈራኛለች። ለእኔ ሲሆን ሳቅ ነው፣ ለነጋዴ ሲሆን ኪሳራ።

የሚቀጥለው ካርቶን ግማሽ ኪሎ ቡና ይሁን፣ ላዩ ላይም «ቡና» ይባል። ቅቤውን አትላኪ። ለፋሲካ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ እዚያው መጥቼ እበላዋለሁ።

ልጅሽ