የቅሬታ ደብዳቤ፦ በመጀመሪያው ሳምንት መጠየቅ የነበረበት በመጨረሻው ሳምንት ስለመጠየቁ

ለ፦ የቤት ብድር ኩባንያው የደንበኞች ቅሬታ ክፍል
ከ፦ በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሜሪላንድ፣ ቤት ገዢዎችን በአማርኛ ከምናማክር ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዙ ደንበኞች ከኢንስፔክሽን (ከቤቱ ምርመራ) እስከ ክሎዚንግ (የግዢው መዝጊያ ፊርማ) ባለው ጊዜ ስለሚደርስባቸው መጉላላት

ኩባንያችሁ ብድር የሚሰጣቸው አማርኛ ተናጋሪ ገዢዎች፣ ኢንስፔክሽኑ ካለቀ በኋላ በሚያጋጥማቸው ችግር ላይ ይህን ቅሬታ አቅርበናል። የብድሩ መስፈርት ጠበቀ አንልም። መስፈርቱን እናውቀዋለን፤ ገዢዎችንም በእሱው ልክ እናዘጋጃለን። የምንቃወመው ማመልከቻ ሲገባ መጠየቅ የነበረበት ነገር ክሎዚንግ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ እየተጠየቀ፣ የመዘግየቱን ዕዳ ገዢው መክፈሉን ነው።

ዕዳው ከየት እንደሚመጣ እንግለጽ። ኮንቲንጀንሲ ማለት ገዢው ቀብዱን ሳያጣ ከውሉ መውጣት የሚችልበት ቅድመ ሁኔታ ነው፤ የኢንስፔክሽኑ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። የአፕሬይዛል፣ ማለትም የቤቱ ዋጋ ግምት፣ እና የብድር ኮንቲንጀንሲዎችም እያንዳንዳቸው በውሉ ላይ የተጻፈ ቀን አላቸው። ብድሩ እንደማይሳካ ቀኑ ሳያልፍ ከታወቀ ገዢው ቀብዱን ተቀብሎ ይወጣል፤ ካለፈ በኋላ ከታወቀ ቀብዱ ለሻጩ ሊቀር ይችላል። በ400,000 ዶላር ቤት ላይ 2 በመቶ ቀብድ 8,000 ዶላር ነው። ብድሩን መርምሮ የሚያጸድቀው አንደርራይተራችሁ ፋይሉን ዛሬ ከፈተው ወይስ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚለው ጥያቄ ለገዢው የዚህን ያህል ይመዝናል።

ከሁሉ የከፋው የእቁብ ገንዘብ አያያዛችሁ ነው። ማመልከቻውን የሚቀበለው ሎን ኦፊሰር «ዳውን ፔይመንቱ (ቅድሚያ ክፍያው) ከየት ነው?» ይላል፤ ገዢው «ቁጠባ» ይላል፤ በዚያው ይታለፋል። የሁለት ወሩ የባንክ ስቴትመንት ሲመጣ ግን በአንድ ቀን የገባ 20,000 ዶላር ቁልጭ ብሎ ይታያል። የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች በሚገዛው በፋኒ ሜይ መመሪያ ለግዢው የሚያስፈልግና ከገዢው የወር ገቢ ግማሽ የሚበልጥ በአንድ ጊዜ የገባ ገንዘብ ምንጩ መታወቅ አለበት። ስቴትመንቱ እጃችሁ የገባው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ጥያቄው የሚመጣው ግን የብድር ኮንቲንጀንሲው ካለፈ በኋላ፣ «ገንዘቡን አንቀበልም» ከሚል ቃል ጋር ነው።

ይህ መልስ ስሕተት ነው። ለቤት ብድር የመንግሥት ዋስትና የሚሰጠው የኤፍኤችኤ መመሪያ 4000.1 አባላት ራሳቸው የሚያስተዳድሩትን የቁጠባ ማኅበር በስም ጠቅሶ ተቀባይነት ያለው የገንዘብ ምንጭ ያደርገዋል። አበዳሪው ማረጋገጥ ያለበት ማኅበሩ መኖሩንና ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፣ ገዢው ገንዘቡን መቀበሉን፣ እንዲሁም ገንዘቡ በአግባቡ የተጠራቀመ እንጂ የተበደረ አለመሆኑን ነው። ፋኒ ሜይም በጋራ የተሰበሰበ ቁጠባን ይቀበላል፤ የሚጠይቀው የሰብሳቢውን የጽሑፍ ማረጋገጫና ገዢው በየጊዜው መክፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ክፍያው የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ እንደ ወርሃዊ ዕዳ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ አንደርራይተሮቻችሁ ሊያውቁት የሚገባ ልዩነት አለ። 20 ሰዎች በየወሩ 1,000 ዶላር የሚጥሉበትን እቁብ እንውሰድ። እጣው በ18ኛው ወር የወጣለት ሰው ከተቀበለው 20,000 ዶላር 18,000ውን ራሱ ከፍሎታል፤ የሚቀርበት ሁለት ወር ነው። በ3ኛው ወር የወጣለት ግን የከፈለው 3,000 ብቻ ነው፤ ለቀጣዮቹ 17 ወራት በየወሩ 1,000 ዶላር አለበት። የመጀመሪያው ሰው ቆጥቧል። የሁለተኛው ገንዘብ ወደ ብድር ይጠጋል፤ የወር ግዴታውም ብድር የመክፈል አቅሙን ያጠብበዋል። ሁለቱን በአንድ ዓይን አይቶ ሁለቱንም መከልከል ሥራን ማቅለል እንጂ ማጣራት አይባልም። እኛም ብንሆን በ3ኛው ወር የወጣለትን ገዢ «ገንዘቡ ያስጠይቅሃል» ብለን አስቀድመን እንነግረዋለን።

የሚያስፈልጉት ወረቀቶች ጥቂት ናቸው። የእቁቡ ሰብሳቢ ወይም ጸሐፊ የፈረመበት ደብዳቤ፣ እቁቡ የተጀመረበትን ወር፣ የአባላቱን ቁጥር፣ መዋጮውን፣ እጣው የወጣበትን ቀንና የቀረውን ክፍያ የሚገልጽ። መዋጮው በየወሩ ከገዢው ሂሳብ ሲወጣ የሚያሳይ ስቴትመንት። የእጣው ገንዘብ በቼክ ወይም በባንክ ዝውውር መግባቱን የሚያሳይ ማስረጃ። መዋጮው በጥሬ ገንዘብ ሲከፈል ኖሮ ከሆነ ማስረጃው ይሳሳል፤ ለዚህም ነው ገዢው ገና ቤት መፈለግ ሲጀምር መነገር ያለበት።

በዚህ ፈንታ ከሎን ኦፊሰሮቻችሁ የሚሰማው ምክር ያስደነግጣል። አንደኛው «ስጦታ ነው በሉና የስጦታ ደብዳቤ አምጡ» ነው። የስጦታ ደብዳቤ ገንዘቡ እንደማይመለስ በፊርማ የሚያረጋግጥ ሰነድ ነው። የእቁብ ገንዘብ ስጦታ አይደለም፤ ብድር ለማግኘት እያወቁ ሐሰተኛ ቃል መስጠት በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው፤ የሚፈርመውም ሎን ኦፊሰሩ ሳይሆን ገዢው ነው። ሁለተኛው «ጥሬ ገንዘቡን ከ10,000 ዶላር በታች እየከፋፈላችሁ አስገቡ» የሚለው ነው። ባንክ ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲቀበል ሪፖርት ማድረጉ የዕለት ሥራው ነው፤ በንጹሕ ገንዘብ ላይ የሚያመጣው ጣጣ የለም። ከሪፖርቱ ለመሸሽ ብሎ መከፋፈል ግን ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። እንዲህ ያለ ምክር የሰጠ ሠራተኛ በሌላ ገዢ ፊት መቀመጥ የለበትም።

ወደ ኢንስፔክሽኑ ውጤት እንምጣ። ኢንስፔክተሩ ያረጀ የውሃ ማሞቂያ ወይም የሚያፈስ ጣሪያ ሲያገኝ፣ ገዢው ሻጩን አስጠግንልኝ ከማለት ይልቅ ለክሎዚንግ ወጪ የሚውል ክሬዲት (ሻጩ የሚሸፍነው ገንዘብ) መጠየቅ ይችላል። ብዙ ጊዜ ይህ ይሻላል፤ ሊወጣ የተዘጋጀ ሻጭ የሚያስጠግነው በርካሹ ነውና። ሎን ኦፊሰሮቻችሁ ግን «ክሬዲት ከጠየቃችሁ የሦስት ቀኑ ቆጠራ እንደገና ይጀምራል፣ ክሎዚንጉ ይዘገያል» እያሉ ገዢዎችን ያስፈራራሉ። ሕጉ እንዲህ አይልም። ከክሎዚንግ ሦስት የሥራ ቀን በፊት ለገዢው መድረስ ያለበት የመጨረሻው የወጪ ዝርዝር፣ ማለትም የክሎዚንግ ዲስክሎዠር፣ ከተሰጠ በኋላ አዲስ የሦስት ቀን ጥበቃ የሚያስከትሉት ሦስት ለውጦች ብቻ ናቸው፦ ወለዱንና የብድሩን ክፍያዎች አጣምሮ የሚያሳየው ዓመታዊ ምጣኔ፣ ማለትም ኤፒአሩ፣ ከተፈቀደው ልክ በላይ ሲሳሳት (በመደበኛ ቋሚ ወለድ ብድር ልኩ 0.125 በመቶ ነው)፣ የብድሩ ዓይነት ሲለወጥ፣ ወይም ብድሩን ቀድሞ በመክፈል የሚመጣ ቅጣት ሲጨመር። የሻጭ ክሬዲት ከእነዚህ አንዱም አይደለም፤ የታረመ ሰነድ ይወጣል እንጂ ቀን አይጨምርም።

ገዢው ማወቅ የሚገባው እውነተኛ ገደብ ሌላ ነው። በኤፍኤችኤ ብድር የሻጭ ክሬዲት እስከ 6 በመቶ ነው፤ ለመኖሪያ በሚገዛ ቤት ላይ ዳውን ፔይመንቱ ከ10 በመቶ ያነሰ የፋኒ ሜይ ብድር ከሆነ 3 በመቶ ነው። ክሬዲቱ ከእውነተኛው የክሎዚንግ ወጪ መብለጥ አይችልም፤ የኤፍኤችኤን 3.5 በመቶ ዳውን ፔይመንትም አይተካም። 9,000 ዶላር ክሬዲት ተደራድሮ ወጪው 7,500 ብቻ ሆኖ ቢገኝ 1,500ው ለገዢው አይደርሰውም። ይህን በድርድሩ ቀን የሚያሰላለት ሰው ቢኖር ትርፉን በዋጋ ቅናሽ ይጠይቅ ነበር። ማስላት የሚችለው የወጪው ዝርዝር በእጁ ያለው የእናንተ ሠራተኛ ነው።

የኤፍኤችኤ አፕሬይዛልም እንደዚሁ ይዘገያል። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ላይ የተላጠ ቀለም ከታየ አፕሬይዘሩ እንዲስተካከል ይጽፋል፤ ሥራው አልቆ እንደገና ካልታየ ብድሩ አይዘጋም። የአፕሬይዛሉ ትእዛዝ ኢንስፔክሽኑ እንዳለቀ ቢወጣ ለቀለም ጊዜ ይኖራል። የአፕሬይዛሉንም ግልባጭ እንደተጠናቀቀ ወዲያው፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ከክሎዚንጉ 3 የሥራ ቀን በፊት፣ ገዢው እንዲያገኝ ሕጉ ያዛል። ገዢዎች ስለ ውጤቱ የሚሰሙት ግን ከኤጀንታቸው በወሬ ነው።

የክሎዚንግ ዲስክሎዠሩን አሰጣጥ በተመለከተ፣ ቀኑን በጣት ቆጥረን እናሳያችሁ። ከክሎዚንጉ በፊት ሦስት የሥራ ቀናት ሲቀሩ በገዢው እጅ መሆን አለበት፤ በዚህ ቆጠራ ቅዳሜ ይገባል፣ እሑድና የፌዴራል በዓላት አይገቡም። ሐሙስ ለመዝጋት ሰነዱ ሰኞ ለገዢው መድረስ አለበት። በኢሜይል ወይም በፖስታ ተልኮ መድረሱ ካልተረጋገጠ እንደደረሰ የሚቆጠረው ሦስት የሥራ ቀን ካለፈ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ለሐሙስ ክሎዚንግ መላክ ያለበት ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ነው። እናንተ ሰኞ ማታ በድረ ገጻችሁ መግቢያ ትለጥፉታላችሁ። የይለፍ ቃሉ የጠፋበት ወይም በሥራ ላይ ያለ ሾፌር ማክሰኞ ማታ ይከፍተዋል። ክሎዚንጉ ወደ ዓርብ ይገፋል፤ ወለዱ እንዳይቀየር የተያዘበት ሬት ሎክ ሐሙስ ያበቃ ከሆነም የማራዘሚያ ክፍያ ይመጣል። ያንን ክፍያ በገዢው ላይ መጻፋችሁን አጥብቀን እንቃወማለን። መዘግየቱ የእናንተ ነው።

ብዙ ገዢዎች ሦስቱን ቀናት ከፈረሙ በኋላ ሐሳብ መቀየሪያ አድርገው ይረዷቸዋል። እንዲህ ያለ መብት በቤት ግዢ ብድር ላይ የለም። ቀናቱ ሰነዱን በመጀመሪያ ከተሰጠው የወጪ ግምት፣ ከሎን ኤስቲሜቱ፣ ጋር ጎን ለጎን ማያ ናቸው፤ የእናንተ ሠራተኞች ግን «ዝም ብላችሁ ክሊክ አድርጉት» ይላሉ። ማነጻጸሪያው ከባድ አይደለም። የአበዳሪው የራሱ ክፍያና የዝውውር ግብር ያለ ሕጋዊ ምክንያት በአንድ ዶላር እንኳ መጨመር የለበትም። የመመዝገቢያ ክፍያና ገዢው ከእናንተ ዝርዝር የመረጣቸው አገልግሎቶች በድምሩ ከ10 በመቶ በላይ መጨመር የለባቸውም። የቤት ኢንሹራንስ፣ ቀድሞ የሚከፈል ወለድና የኤስክሮ (ለግብርና ለኢንሹራንስ የሚጠራቀም) ገንዘብ ግን ሊለዋወጡ ይችላሉ። ከልኩ ያለፈውን ትርፍ ከክሎዚንግ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ መመለስ ግዴታችሁ ነው፤ ገዢው እስኪጠይቅ መጠበቅ የለበትም።

በዚሁ አጋጣሚ የሜሪላንድን ግብር እናንሣ። የስቴቱ የዝውውር ግብር 0.5 በመቶ ነው። በሜሪላንድ መኖሪያ ቤት ኖሮት የማያውቅና በገዛው ቤት የሚኖር ገዢ ሲሆን ወደ 0.25 በመቶ ይወርዳል፤ እሱንም የሚከፍለው ሻጩ ነው። በ400,000 ዶላር ቤት ላይ 2,000 ዶላር የነበረው 1,000 ይሆናል፤ የገዢው ድርሻ ዜሮ። ቀድሞ በቨርጂኒያ ቤት የነበረው ሰው እንኳ መብቱ አለው። ሎን ኤስቲሜቶቻችሁ ይህን አያንጸባርቁም፤ ገዢው ይህን የሚያረጋግጥ መሐላ የቤቱን ስም ዝውውር በሚያስፈጽመው ታይትል ካምፓኒ በኩል መፈረም እንዳለበትም የሚነግረው የለም።

የገንዘብ ማስተላለፊያ መመሪያ ባልተጠበቀ ኢሜይል መላካችሁንም አቁሙልን። አጭበርባሪዎች የሚጠብቁት ይህንኑ ነው፤ አንዴ የተላለፈ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ አይመለስም። ገዢው ከክሎዚንጉ በፊት ቀድሞ በሚያውቀው ቁጥር ለታይትል ካምፓኒው ደውሎ እንዲያረጋግጥ በጽሑፍ ንገሩት።

የምንጠይቀው ይህን ነው። ማመልከቻ በተቀበላችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ስለ እቁብ በቀጥታ ጠይቁ፤ አንደርራይተሩም ስቴትመንቱን የብድር ኮንቲንጀንሲው ከማለፉ በፊት አይቶ ጥያቄውን በአንድ ዝርዝር ይላክ። የክሎዚንግ ዲስክሎዠሩን ከክሎዚንጉ 7 ቀን በፊት ላኩና መድረሱን በስልክ አረጋግጡ፤ አማርኛ አስተርጓሚ ለሚያስፈልገው አስተርጓሚ አቅርቡ። በእናንተ መዘግየት የመጣ የሬት ሎክ ማራዘሚያ የተከፈለባቸውን ፋይሎች መርምራችሁ ገንዘቡን መልሱ። የስጦታ ደብዳቤና ጥሬ ገንዘብ መከፋፈልን የመከሩ ሠራተኞች ላይ የወሰዳችሁትን እርምጃ አሳውቁን።

በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካላገኘን ገዢዎቹ በየስማቸው ለፌዴራሉ የሸማቾች ገንዘብ ነክ ጥበቃ ቢሮና ለሜሪላንድ የፋይናንስ ቁጥጥር ቢሮ አቤቱታ እንዲያስገቡ እንረዳቸዋለን።

ከሰላምታ ጋር

አባሪ፦ በእቁብ ሰብሳቢ የሚፈረም የማረጋገጫ ደብዳቤ ናሙና፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ
ግልባጭ፦ ለሚመለከታቸው ገዢዎችና ለኤጀንቶቻቸው