ደብተርሽን አይቼዋለሁ፣ እማዬ

እማዬ፣

ይሄን የምጽፈው አንቺ ተኝተሽ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ውኃ እየጠበቅኩ ነው። ዛሬ የእኛ ብሎክ ፈረቃ ነው ስላልሽኝ ባንቧውን ከፍቼ ባልዲ ደቅኜበታለሁ፤ እስካሁን እስስ ከሚል አየር በቀር ጠብ ያለ ነገር የለም። አማችሽ ሳሎን ተኝቷል። ከሜዳው በኩል ጅብ ይሰማል፣ ከፍጥነት መንገዱ በኩል ደግሞ የከባድ መኪና ድምፅ። የቱሉ ዲምቱ ሌሊት እንዲህ ጭር እንደሚል ረስቼው ነበር።

ነገ ማታ እንበራለን። ፊት ለፊት ልነግርሽ ብዙ ጊዜ ሞከርኩ። ገና አፌን ስከፍት "ቡና ላፍላልሽ" ብለሽ ትነሻለሽ፣ እኔም እተወዋለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። ጠዋት መነጽርሽን አድርገሽ ታነቢዋለሽ።

ደብተርሽን አይቼዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ በርዶኝ ጋቢ ፍለጋ ቁምሳጥኑን ስከፍት ነው። ከጋቢው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ሰማያዊ ደብተር። የዕድር መስሎኝ ገለጥኩት። በ1971 በተጀመረው መሠረተ ትምህርት የተማርሻቸው ትልልቅ ፊደሎች፣ እያንዳንዱ ለብቻው ቀጥ ብሎ የቆመ። "መስከረም፤ ከልጄ የመጣ፤ አልተነካም።" "ጥቅምት፤ ከልጄ የመጣ፤ አልተነካም።" እንዲህ እያለ አራት ዓመት። አንድ ወር ላይ ብቻ "ለመብራት" ብለሽ 300 ብር ወስደሻል፤ በሚቀጥለው ወር ከአባዬ ጡረታ ላይ መልሰሽ ተክተሽዋል፣ "ተተካ" ብለሽ አስምረሽበታል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እኛ የምንልከው ለጉልበትሽ ሐኪም፣ ለውኃሽ፣ ለጾምሽም ለፍስክሽም ብለን ነበር። አንቺ ለእኛ ቤት መሥሪያ ታስቀምጪዋለሽ። ለጎረቤትሽም "በሰው አገር የሚንከራተት ልጅ ላብ አይበላም" ብለሻታል፣ ነግራኛለች። አትቆጫት፣ ስለምትወድሽ ነው የነገረችኝ።

እኛ ግን እየተንከራተትን አይደለም። አራት ዓመት በስልክ "ደህና ነን፣ ሁሉም ጥሩ ነው" እያልን እየዘጋን ኑሯችንን አልነገርንሽም። አንቺም ባዶውን በሐሳብሽ ሞላሽው። ጥፋቱ የእኛ ነው። ስለዚህ አሁን እንዳለ ልንገርሽ።

ሥራዬን ሰምተሻል። "ተምራ የሰው ሽማግሌ ታጥባለች" ብለው ነግረውሽ አልቅሰሻል አሉ። እውነት ነው፣ አጥባለሁ። መድኃኒት እሰጣለሁ፣ ቁስል አጥቤ አሽጋለሁ፣ ያየሁትን ሁሉ በጀርመንኛ ኮምፒዩተር ላይ እመዘግባለሁ። የነርስነት ዲፕሎማዬ እዚያ እንዲጸድቅልኝ ቋንቋውን ከፊደል ጀምሬ ተምሬ፣ ተፈትኜ አልፌ ነው። ሥራዬ እንደ ውኃሽ በፈረቃ ነው። የጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ የማታ አለ፣ አዳር አለ። ወገቤን ያመኛል፣ ይሄንን አልደብቅሽም።

ግን አንዲት አሮጊት አለችኝ። 91 ዓመቷ ነው፣ እጇ ቁርጥ ያንቺን ነው፣ ሥሩ ወጣ ወጣ ያለ። ሁልጊዜ ጠዋት ፀጉሯን ሳበጥርላት "እናትሽ አለች?" ትለኛለች። አለች እላታለሁ። "ማን ነው የሚያበጥርላት?" ትለኛለች። ትናንት የነገርኳትን ዛሬ ስለማታስታውሰው በየቀኑ ትጠይቀኛለች፣ እኔም በየቀኑ "ራሷ" እላታለሁ። አንዳንድ ቀን ይሄን መልሼ ከክፍሏ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ መቆም ይኖርብኛል። እማዬ፣ ይሄ ሥራ አያሳፍርም። የሚያምመኝ የሰው እናት መያዜ ሳይሆን የራሴን አለመያዜ ነው።

አማችሽ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። መንጃ ፈቃዱን እዚያ እንደ አዲስ ተፈትኖ ነው ያወጣው። ሥራውን ይወደዋል፤ አሮጊት ቦታ ሳትይዝ ነቅንቆ አይነሳም፣ ይሄንን ያመጣው ካንቺ ነው። ፈረቃችን አልገጥም ሲል ሳምንቱን ሙሉ ደረጃ ላይ ብቻ እንተላለፋለን። ምግብ የት እንዳለ ማቀዝቀዣው ላይ በወረቀት እንጻጻፋለን።

የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነበር። ጀርመን እሁድ ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ሰው አልባ ይሆናል። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ገና 10 ሰዓት ተኩል ሲል ፀሐይዋ ትጠልቃለች። "ቡና ጠጡ" ብሎ የሚጠራ ጎረቤት የለም። እሁድ እሁድ ግድግዳ እያየሁ ያለቀስኩበት ጊዜ ነበር። ስልክ ስትደውይልኝ ጉንፋን ነው ያልኩሽ ያ ነው።

ከዚያ ትኬቱ መጣ። በፈረንጆቹ 2023 ግንቦት ላይ ወርሃዊ ትኬት ጀመሩ፤ በአንድ ክፍያ አገሩን ሙሉ በከተማ አውቶቡስና በዝግታ በሚሄዱት ባቡሮች ያስኬዳል። ሲጀመር 49 ዩሮ ነበር፣ በ2025 58 ገባ። በፈጣኑ ባቡር አያስኬድም። እኛ ደግሞ የሚያስቸኩለን ነገር የለም። ሁለታችንም ዕረፍት የገጠመልን ቅዳሜ ጠዋት ከቦን እንነሳለን፣ ማታ አልጋችን ላይ ነን። ሆቴል የለም፣ ምግብ ቤትም ብዙ አንገባም። ቅንጦት እንዳይመስልሽ ነው ይሄን ሁሉ የምዘረዝረው።

ብዙ ጊዜ የምንሄደው ኮብሌንዝ ነው። ባቡሩ ራይን ወንዝን ይዞ ይሄዳል፣ በመስኮት በኩል መርከቦቹ አብረውሽ ይጓዛሉ። ከተማው ውስጥ ሞዜል የሚባል ሌላ ወንዝ መጥቶ ራይን ውስጥ ይገባል። የሚገናኙበት ጫፍ ላይ ልክ እንደ አራዳው የምኒልክ ሐውልት ንጉሥ ፈረስ ላይ ተቀምጧል። እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን በሰው እጅ የላክሽልንን ድርቆሽ እንበላለን። ወጡን በፔርሙዝ ይዤ እሄዳለሁ፣ ሳህን ላይ ድርቆሹን አርሰዋለሁ፣ እስኪርስ እየጠበቅን መርከብ እንቆጥራለን። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ሽታው ስቧቸው ምንድን ነው አሉን። አቀመስናቸው። በርበሬው እንባቸውን አወረደው፣ እሳቸው ግን ድገሙኝ አሉ። የጨረስነውን የውኃ ሃይላንድ ደግሞ አንጥልም፣ ሱቅ ስንመልሰው ለአንዱ 25 ሳንቲም ይሰጡናል። ለቆራሌው የምታጠራቅሚያቸውን ሳይ እሱ ትዝ አለኝ።

አንድ ቅዳሜ አኸን ሄደን ጀርመን፣ ቤልጂግና ሆላንድ የሚገናኙበት ቦታ ቆምን። ወታደር የለም፣ አጥር የለም፣ ድንጋይ ብቻ። ኮረብታው ዋናው የሆላንድ መሬት ላይ ከፍተኛው ነው፣ 322 ሜትር። በመስኮትሽ የሚታይሽ የረር ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ያን ቀን የረር እንዴት እንደናፈቀኝ።

ከሁሉም ግን ኮሎኝ። ትልቁን ካቴድራል መሥራት የጀመሩት በፈረንጆቹ በ1248 ነው፣ የጨረሱት በ1880። ከመንበሩ ኋላ ትልቅ የወርቅ ሣጥን አለ። ውስጡ የሰብአ ሰገል አፅም ነው ይላሉ፣ በ1164 ከጣሊያን፣ ከሚላን የመጣ። ገና በመጣ ቁጥር ኮከብ መርቷቸው ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው የሄዱት እያልሽ የምትነግሪኝ፣ እነሱ! ሣጥኑ ፊት ቆሜ ድምፅሽ ጆሮዬ ላይ መጣ። በስምሽ ሻማ አበራሁ። የእኛው ቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያንም እዚያው ኮሎኝ አለ፣ ማኅሌት ሲቆም ጀርመን መሆንሽን ትረሺዋለሽ።

ከዚያ የካቴድራሉ ግንብ ላይ ወጣን። ደረጃው 533 ነው። እጄ ላይ ከአንዲት ግማሽ ሊትር ውኃ በቀር ምንም የለም፣ ሦስት ጊዜ አረፍኩ። ላይ ስደርስ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደስ ብሎኝ ፎቶ ተነሳሁ፣ ላኩልሽ፣ "ጎሽ የኔ ልጅ" አልሽኝ።

ቆይ እማዬ፣ ደረጃው ላይ የጄሪካን ድምፅ ሰማሁ። መጣሁ።

ተመለስኩ። ውኃው ላይ አልወጣም፣ ምድር ቤት ያለው ባንቧ ላይ ግን እየፈሰሰ ነው። ጎረቤቶችሽ ነጠላቸውን ተከናንበው ተሰልፈዋል። "እናትሽ ዛሬ የት አለች?" አሉኝ። ተኝታለች ስላቸው አንዷ "እሰይ፣ ትተኛ" አለች። አማችሽን ቀሰቀስኩት፣ በቢጫዎቹ የዘይት ጄሪካኖች ስድስት አወጣን። ባለ 20 ሊትር ናቸው። እኔ ሁለት ይዤ ስወጣ መዳፌ ተላጠ። ደረጃውን ቆጠርኩት። 54 ነው።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆምኩ፣ መተንፈስ አቃተኝ። አንቺ ሁልጊዜ እዚያ ጋ ቆም ብለሽ የረርን ታያለሽ። ተራራውን ስለምትወጂው ይመስለኝ ነበር። አሁን ሲገባኝ ጉልበትሽን እያሳረፍሽ ነው።

በ70 ዓመትሽ፣ በዚያ ጉልበት፣ ገንዘቡ ጋቢ ሥር እያለ።

እለምንሻለሁ፣ አትቆጪኝ። ከታች ያለው ብሎክ ውስጥ ውኃ የሚያመላልስ ልጅ አለ፣ ማታ አነጋግሬዋለሁ። በፈረቃው ቀን መጥቶ በርሜሉን ይሞላል። የሁለት ወሩን ሰጥቼዋለሁ፣ ከዚያ አንቺ ትቀጥያለሽ። ለጉልበትሽ ሐሙስ ቀጠሮ ይዤልሻለሁ፣ ወረቀቱ ስኳር ዕቃው ሥር ነው፣ የእህትሽ ልጅ መጥታ ትወስድሻለች። ቀጠሮ የያዝኩት "እርጅና ነው እማማ፣ ይሂዱ" ብለው የመለሱሽ ቦታ አይደለም። በእኔ ሥራ በየቀኑ የማየው ጉልበት ነው፣ እርጅና ነው ተብሎ አይተውም፤ የሚታከም ይታከማል፣ የማይታከም ሕመሙ ይቀላል።

ሦስተኛው ፓስፖርት ነው። አውጪ። እዚያ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄደን ወጪዋን እኛ እንችላለን ብለን እንፈርማለን፣ ቪዛ ከተሰጠሽ እስከ 90 ቀን መቆየት ትችያለሽ። ግንቦት ላይ ነይ፣ ብርዱ አልፎ ዛፉ ሁሉ ያብባል። ግንቡ ላይ አናወጣሽም። ሰብአ ሰገል ጋ ግን እወስድሻለሁ፣ ሻማውን ራስሽ ታበሪያለሽ። ኮብሌንዝም ወንበሩ ላይ በመሃላችን ትቀመጫለሽ። እኔ የማጥባትን አሮጊት አንድ ቀን ታያታለሽ። የማን እጅ እንዳላት ልታይልኝ እፈልጋለሁ።

ስለ ቤት መሥሪያው ደግሞ አታስቢ። ቤት ስንሠራ እንሠራለን፣ ሁለታችንም ጤነኞች ነን፣ ሥራ አለን። አንቺ የሌለሽበትን ቤት ምን አደርገዋለሁ።

ሊነጋ ነው፣ ለኪዳን የሚደውለው ደወል ይሰማኛል። አንቺም አሁን ትነሻለሽ። በርሜሉ ሞልቷል፣ ጄሪካኖቹ ከበሩ ኋላ ናቸው፣ ዛሬ ምንም እንዳታነሺ።

ደብተርሽን ቦታው መልሼዋለሁ። ጥር ከሚለው በታች፣ እንዳንቺ በትልልቅ ፊደል አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ። "የካቲት፤ ከልጄ የመጣ፤ ለውኃ፤ ተነካ።" ከሥሩ ለሐሙስ የሚሆን መስመር ክፍት ትቼልሻለሁ፣ እሱን አንቺ ሙይው።

ልጅሽ