ለሰብሊ፣ ከድሬ

ሰብሊዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ለእማማ ለቅሶ አልደረስኩም። አልደወልኩምም። ሰልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ ከዚያ ወዲያ በምን ዓይኔ አይሻለሁ እያልኩ ቀረሁ። ይቅር በዪኝ። ነፍሳቸውን ይማር። የቀረውን ስንገናኝ አብረን እናለቅሳለን፤ በወረቀት አይሆንልኝም።

ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ዛሬ የጻፍኩት ጉዳይ ይዤ ነው። እንዲህ ብዬ መጻፉ ራሱ ከብዶኝ ሁለት ቀን ብዕር አንስቼ አስቀምጫለሁ።

ስንለያይ እጄ ላይ ያስጨበጥሽኝ ብልቃጥ ትዝ ይልሻል? አንትራሴን ካርቦክሲሊክ አሲዱ፣ ያ ብርሃን ሲነካው ሰማያዊ የሚያበራው። ይኸው እስከ ዛሬ በጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አኑሬው ነበር። ዘንድሮ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከውጭ ሲመጣ ጋማ ሳይክሎዴክስትሪን ይዞልኝ መጣ። አቦ፣ ሰብሊ፣ እንዴት እንደዘለልኩ! ሲያዩት ተራ ነጭ ዱቄት ነው፤ የሚሠራውም ከስታርች ነው። ግን ስምንት ግሉኮስ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሠሩት ቀለበት፣ የመሃሉ ክፍተት አንድ ናኖሜትር እንኳ የማይሞላ፣ ሁለት አንትራሴን ጎን ለጎን ያስተኛል።

አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ግን ሳወራው ደስ ስለሚለኝ ስሚኝ። ውሃ ውስጥ ለብቻው ያለ አንትራሴን ብርሃን ሲነካው፣ በጥቂት ናኖሰከንድ ውስጥ ጓደኛ ካላገኘ የዋጠውን መልሶ ሰማያዊ አድርጎ ይተፋዋል። ቀለበቱ ውስጥ ግን ጓደኛው ቀድሞ አጠገቡ ተኝቷል፤ እንደ ዶርማችን አልጋ፣ አንዷ ራስጌ አንዷ ግርጌ። ብርሃን መጥቶ ሁለቱን አንድ አድርጎ መስፋት ብቻ ነው የሚቀረው፤ የተሰፋ ጥንድ ደግሞ ያንን ሰማያዊ አያበራም። ስፌቱ አራት ዓይነት ጥንድ ሊሰጥ ይችላል፤ ከአራቱ ሁለቱ እንደ ቀኝና ግራ እጅ መልክ አላቸው። ጃፓናዊዎቹ ኬሚስቶች እነ ኢኖዌ በ2003 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት የቀለበቱ ስኳር ጠማማነት አንዱን እጅ ከሌላው ያስበልጣል። ባዶ ውሃ ውስጥ ሁለቱ እኩል ናቸው።

የላብራቶሪ መብራት የለኝም፣ ፀሐይ ግን አለችኝ። ጣሊያናዊው ኬሚስት ቻሚቻን ቦሎኛ ላይ ጠርሙሶቹን ጣራ ላይ ደርድሮ ከሠራ፣ የድሬ የግንቦት ፀሐይ ምን ያንሳታል? ቅዳሜ ጠዋት ጣራዬ ላይ ወጣሁ። አንድ ጠርሙስ ያለ ቀለበት፣ አንድ ከነቀለበቱ፣ ሦስተኛው ከነቀለበቱ በፎይል ተጠቅልሎ። ሙቀት ሲበዛ ቀለበቱ የያዘውን ስለሚለቅ ሦስቱንም በረዶ የሞላ ባልዲ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው፤ በየሰዓቱ በረዶ እየገዛሁ የሱቁ ልጅ ሠርግ አለ ወይ እስኪለኝ ድረስ። ማታ መጋረጃ ዘግቼ፣ ነጋዴ የብር ኖት የሚመረምርበትን ወይን ጠጅ ባትሪ አበራሁባቸው። ፎይል ውስጥ የነበረው ያበራል። ያለ ቀለበት የነበረው ፈዘዝ ብሎም ቢሆን ያበራል። ከነቀለበቱ ፀሐይ የሞቀው ግን ጨልሟል። ጨልሟል ሰብሊ! ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳየው አመሸሁ።

ከዚያ ሌሊት ጥርጣሬ ቀሰቀሰኝ። ኦክስጅን ቢሆንስ? አንትራሴን ኦክስጅን ሲይዝም መብራቱ ይጠፋል። ውሃውን አፍልቼ አየሩን አስወጥቼ፣ ጠርሙሱን እስከ አፉ ሞልቼ ነው የከደንኩት፤ ግን ናይትሮጅን የለኝ፣ በምን ልተማመን? ስፌት ይሁን ዝገት ዓይኔ አይለየውም፤ የአንቺ ኤንኤምአር፣ ያ እያንዳንዱ ሃይድሮጅን የት እንደተቀመጠ በቁጥር የሚናገረው መሣሪያሽ ግን ይለየዋል። ስፌቱ ላይ ያለው የድልድዩ ሃይድሮጅን ከ5 ፒፒኤም በታች ከመጣ ጥንድ ነው፣ ወደ 6 ከወጣ ኦክስጅን ነው። ስኳሩ እንዳይሸፍንብሽ አሲድ አድርጌ በኢተር ለይቼዋለሁ።

ወረፋሽን ሲነኩብሽ እንዴት እንደምታኮርፊ አልረሳሁም። ሌሊትም ቢሆን፣ በዓል ቀንም ቢሆን፣ ሲመችሽ። እምቢ ብትዪም አልቀየምም... አይ፣ ትንሽ እቀየማለሁ።

ወንድሜ ሐሙስ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ናሙናዎቹ ፎይል ውስጥ ናቸው፤ አትግለጫቸው። ከከዚራ ሙሸበክም ልኬልሻለሁ፣ ለብቻው ጠቅልዬዋለሁ። ሌላም ትንሽ ፖስታ አለ፤ እሱ የእማማ ነው፣ ሰልስቱ ላይ ልሰጥሽ ይገባኝ የነበረ።

ትዕግስት