የአማርኛ የትምህርት ቪዲዮዎች መስማትና ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች እንዲደርሱ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፣

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ምክንያት ሲዘጉ ትምህርቱ ወደ ቴሌቪዥንና ራዲዮ ተሻግሮ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። መስማት ለተሳነው ተማሪ ራዲዮው ከመነሻውም የሚጠቅመው አልነበረም፤ ቴሌቪዥኑም አስተርጓሚ ወይም የግርጌ ጽሑፍ ከሌለው አፉን የሚያንቀሳቅስ ሰው ከማሳየት አያልፍም። ትምህርት ቤቶቹ ከተከፈቱ ወዲህም ቢሆን በቪዲዮ ማጥናት አልቀረም፤ እንዲያውም ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጁ ብዙ ተማሪዎች በዩቲዩብና በቴሌግራም የሚያገኟቸውን የአማርኛ ማብራሪያዎች ከመጽሐፋቸው ጎን ለጎን ይጠቀሙባቸዋል።

አንድ የሒሳብ መምህር በሰሌዳ ላይ እየጻፈ «ይህንን ለዚህ ስናካፍለው ይህ ይመጣል» ቢል፣ ማየት የተሳናት ተማሪ ሦስት ጊዜ «ይህ» ሲባል ሰምታ አንድም ቁጥር ሳትይዝ ትቀራለች። ያው መምህር ፊቱን ወደ ሰሌዳው ሲያዞር ደግሞ ከከንፈሩ እንቅስቃሴ ለመረዳት የሚጥረው ተማሪ የነበረችውን ጥቂት ፍንጭ ያጣል። መምህሩ አላጠፋም፤ ያስተማረው እንደለመደው ነው። ይህን ጥሪ የምናቀርበው የእኛ የኮሚቴ አባላት ሥራ እርሱ ካስተማረ በኋላ የጎደለውን መሙላት ነው።

ለመጀመሪያው ዙር የመረጥናቸው የሒሳብና የፊዚክስ ቪዲዮዎች 40 ሲሆኑ፣ ያዘጋጇቸው መምህራን ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ሰጥተውናል። በእያንዳንዱ ቪዲዮ ላይ የግርጌ ጽሑፍ፣ የምልክት ቋንቋ ትርጉም እና በሰሌዳው ላይ የሚታየውን በቃል የሚናገር የድምፅ ገለጻ እንጨምራለን።

«የግርጌ ጽሑፉ ብቻ አይበቃም ወይ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልናል። አይበቃም። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ እንጂ በእጅ የሚነገር አማርኛ አይደለም፤ በምልክት ቋንቋ ላደገ ልጅ የአማርኛ ጽሑፍ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። ምልክት ያልተበጀለት የሳይንስ ቃል ሲያጋጥም አስተርጓሚው ፊደል በፊደል በጣቱ ይጽፈዋል፦ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ያሳያል፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን የፊደሉን ቤት ይለያል። ዘዴው የሚያስደንቅ ቢሆንም በንግግር ፍጥነት ከሚሮጥ የፊዚክስ መምህር ጋር እኩል አይሄድም። ስለዚህ አስተርጓሚዎቹ ከቀረጻው በፊት መስማት ከተሳናቸው መምህራን ጋር ተቀምጠው በየቃሉ ምልክት ላይ መስማማት አለባቸው፤ ከወጪያችን ትልቁን ድርሻ የሚወስደውም ይኸው ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በምልክት ቋንቋ በዲግሪ ሲያስመርቅ ቆይቷልና ባለሙያ የለም ማለት አይቻልም።

የድምፅ ገለጻውን ኮምፒዩተር እንዲያነበው ማድረግ ርካሽ መስሎን ሞክረን ነበር። አማርኛ ሲጻፍ ጥብቀትና ላልነት ስለማይታይ «ይለካል» የሚለው ቃል ለኪውንም ተለኪውንም ሊያመለክት ይችላል፤ በፊዚክስ ትምህርት ውስጥ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። («ገና» የሚለውን ሁሉ የልደት በዓል አድርጎ ሲያነብብንም ስቀናል።) በመሆኑም የሰው ድምፅ እንጠቀማለን። መምህሩ ፋታ በማይሰጥበት ቦታ ቪዲዮውን አቁመን ገለጻውን እናስገባለን፤ ተማሪዋ ጥቂት ደቂቃ ብትጨምርም ቀመሩን ሙሉ ታገኘዋለች።

ሥራውን ሁሉ በነፃ ለምን አታሠሩም የሚሉን ወዳጆች አሉ። እስከ አሁን የሠራነው በበጎ ፈቃድ ነው፤ የግርጌ ጽሑፉን ማዘጋጀት ብቻ የቪዲዮውን ርዝመት ብዙ እጥፍ ጊዜ ስለሚወስድ ሥራው በየፈተናው ሰሞን ይቋረጣል። ከዚህም በላይ ጽሑፉንና ምልክቱን የሚያርሙት መስማት የተሳናቸው፣ የድምፅ ገለጻውን ሰምተው «ይህ አልገባኝም» የሚሉት ማየት የተሳናቸው ባለሙያዎች ናቸው። ለአካል ጉዳተኞች የሚሠራውን ሥራ አካል ጉዳተኞቹ ያለ ክፍያ እንዲሠሩት መጠየቅ ተገቢ ሆኖ አላገኘነውም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት መረጃ በሚደርሳቸው መልክ ለማግኘት መብታቸው ዕውቅና ይሰጣል፤ መብት ደግሞ ከበጎ ፈቃደኞች ትርፍ ሰዓት ላይ ብቻ ሊንጠለጠል አይገባውም።

የምትሰጡት ገንዘብ ለአስተርጓሚዎች፣ ለተራኪዎችና ለአራሚዎች ክፍያ፣ እንዲሁም ለስቱዲዮ ኪራይ ይውላል። ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ ሲሆን ከሦስቱ አንዷ ማየት የተሳናት የኮሚቴ አባል ናት፤ ለእያንዳንዱ መዋጮ ደረሰኝ ይሰጣል፣ የወጪ ዝርዝሩም በየወሩ መጨረሻ በጽሑፍና በድምፅ ለሁሉም ይደርሳል። ገንዘብ የማይመቻችሁ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ማይክሮፎን ወይም የሚሠራ ላፕቶፕ ብታውሱን በደስታ እንቀበላለን። በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖችም በአገር ቤት ባሉ ዘመዶቻችሁ በኩል መዋጮ ማድረግ ትችላላችሁ።

የተጠናቀቁት ቪዲዮዎች ለማንም በነፃ ይሰጣሉ። የኢንተርኔት ወጪ ለሚከብዳቸው ተማሪዎችም በቴሌግራምና በሚሞሪ ካርድ የሚተላለፍ፣ ጽሑፉ ከምስሉ ጋር የተጣበቀ አነስተኛ ቅጂ እናዘጋጃለን። የመጀመሪያዎቹን አሥር ቪዲዮዎች ከፈተናው በፊት ለማድረስ ቀረጻው በመጪው ወር መጀመር ስላለበት፣ መዋጮአችሁን እስከዚህ ወር መጨረሻ ድረስ ለኮሚቴው ገንዘብ ያዥ እንድታስረክቡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።