ለደንበኞቻችን፦ ስለ ምርመራ ክፍያውና ስለዘገዩት ካርዶች

ውድ ደንበኞቻችን፣

«እቃ ሳትቀይሩ የምን ብር ነው የምትጠይቁን?» የሚል ቅሬታ ሰሞኑን በስልክም በአካልም ደርሶናል፤ «ሌቦች» ያሉንም አሉ። ለጥገና ያመጣችሁት ካርድ (የማሽኑ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ) ዘግይቶ ማሽናችሁ ስለቆመ ይቅርታ። ክፍያው ግን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም።

የፌስታል መቁረጫውን ካርድ እንውሰድ። ቢላው አልፎ አልፎ ዘግይቶ ይቆርጣል። ሰንሰሩ ደህና፣ ሪሌው ደህና፣ ፓወር ሰፕላዩም ደህና። ታዲያ ጊዜው የት ይጠፋል? ይህን የሚናገረው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የሳይክል ቆጣሪ፣ የፕሮሰሰሩን ምት የሚቆጥረው ነው። ካርዱ ላይ ያለው ኮርቴክስ ኤም3 የሚባል ፕሮሰሰር በ72 ሜጋኸርዝ ስለሚሠራ፣ በሰከንድ 72 ሚሊዮን ይቆጥራል።

ቆጣሪው ራሱ ግን አስቸገረን። ዲበገር (ካርዱን ከኮምፒውተር አገናኝቶ ፕሮግራሙን የሚፈትሽ መሣሪያ) ሲሰካበት ይቆጥራል። ኬብሉ ተነቅሎ ካርዱ ጠፍቶ ሲበራ ዜሮ! ለካ የሚያስነሳው ዲበገሩ ኖሯል። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው፣ ዲኢኤምሲአር የሚባለው ሬጅስተር (ማዘዣ ቋት) ቢት ቁጥር 24 1 ካልሆነ ቆጣሪው ንቅንቅ አይልም። ዲበገሩ ይህን በራሱ ያደርጋል፤ ከካርዱ ጋር የመጣው ፕሮግራም አያደርግም። ሶርስ ኮዱን (የፕሮግራሙን ዋና ጽሑፍ) ካርዱን ከገጠመው ባለሙያ ለማግኘት ደግሞ ስንት ደጅ ጠንተናል። በዚያ ላይ ቆጣሪው 32 ቢት ስለሆነ ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ ከዜሮ ይጀምራል። ፕሮሰሰሩ እንቅልፍ ሲገባም መቁጠሩን ያቆማል። ይህን ሁሉ ሳያጠሩ የወጣውን ቁጥር ማመን ራስን ማታለል ነው።

በመጨረሻ ተገኘ። ስክሪኑን የሚያድሰው ኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን ከያዘው ሥራ የሚያቋርጥ ጥሪ) እና የሰንሰሩ ኢንተራፕት እኩል ቅድሚያ ተሰጥቷቸው፣ ሰንሰሩ ስክሪኑ እስኪጨርስ ይጠብቅ ነበር። የተለወጠው አንድ የፕሮግራም መስመር ነው። አዎ፣ አንድ!

«አዲስ ካርድ ግዙ» ብንላችሁ ለእኛ ይቀለን ነበር። አዲሱም በዚያው ፕሮግራም እንደዚያው ያዘገይ ነበር፣ ገንዘቡም የእናንተ ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የቺፕ ዋጋ የት እንደደረሰ እናንተም ታውቃላችሁ። የቤት ኪራዩን ተዉት።

ደሴ ሸዋ በር ሬዲዮ በመጠገን ነው የጀመርነው። በ2014ቱ ጦርነት መሣሪያችን ተዘርፎ ባዶ ቤት ስንከፍት፣ ቀድማችሁ ሥራ ያመጣችሁልን እናንተ ናችሁ። አንረሳውም። «ሌቦች» መባሉ ያመመንም ለዚህ ነው።

ከእንግዲህ ካርድ ከመክፈታችን በፊት ክፍያውን እንነግራችኋለን። ችግሩን ካላገኘነው አናስከፍልም። ቆጣሪው ያወጣውን ቁጥርም አትመን ከካርዱ ጋር እንሰጣለን። ክፍያው ግን ይቀጥላል።

የደሴ ደንበኞቻችን ካርድ ለማምጣት የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ አያስፈልጋችሁም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛው እንወጣለን። እባካችሁ፣ ሌላ ቦታ ከመውሰዳችሁ በፊት አንዴ ደውሉልን።

የድርጅቱ ባለቤት
ኮምቦልቻ