ክዳኑ ሐምሌን አይጠብቅም፦ ለደሴ ሕዝብና በያለበት ላለ የወሎ ልጅ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የሚያዝያው በረዶ የሰፈራችንን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የአንድ ጎን ክዳን ይዞት ወርዷል። የንባብ አዳራሹ ተዘግቷል፤ መጻሕፍቱ ከጓሮ ባለችው ጠባብ ዕቃ ቤት ተቆልለዋል። ለጊዜው ሸራ ተወጥሯል። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ሁሉ ሸራ ስንት ቀን እንደሚቆይ ያውቃል።

መዋጮ እንደሰለቻችሁ አይጠፋንም። እኛም መለመኑ ሰልችቶናል። ቢሆንም ነገሩን በዝርዝር እንንገራችሁ።

ክዳኑ በበረዶው ብቻ አልወደቀም። አሸንዳው በባሕር ዛፍ ቅጠል ተደፍኖ ውሃው ወደ ግድግዳው ሲመለስ የጣራው እንጨት እግር በስብሷል። ቆርቆሮው ስስ፣ ባለ 35 ጌጅ ነበር፤ ሚስማሩም በጉብታው ላይ መመታት ሲገባው በቦዩ ላይ ስለተመታ ዝገቱ የጀመረው ከየቀዳዳው ነው። አሸንዳ መጥረግና ሚስማር መለወጥ በዓመት አንዴ የሚሠራ ቀላል ጥገና ነው። የጥገናው በጀት ግን ተቆረጠ። ከእሱ በፊት የመጽሐፍና የጋዜጣ መግዣው፣ ቀጥሎም የማታ ጥበቃው ተቆርጦ ነበር። የቀረው ደመወዝ ነው፤ አምፖል ሲቃጠል እንኳ የሚገዛው ከኪስ ነው።

«ያለፈው መዋጮ የት ገባ?» ለሚለን፦ በ2014ቱ ጦርነት ከደረሰው ዝርፊያ በኋላ መደርደሪያው፣ ወንበሩና የኤሌክትሪክ መስመሩ እንደ አዲስ የተተካው በእናንተው ገንዘብ ነው። ደረሰኙ በፋይል አለ፤ የፈለገ መጥቶ ያገላብጥ። የብረት መደርደሪያ መግዛታችን ብዙ አሳምቶናል። ያ ብረት ግን፣ የታችኛው እርከን ከወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስላለ፣ ዘንድሮ አዳራሹ ውሃ ሲሞላ የታችኛውን ረድፍ አትርፏል። እንጨት ቢሆን አብጦ መጻሕፍቱን ይነክስ ነበር። ክዳኑን ያላስቀደምነውም በመደበኛው ዕቅድ ተይዟል ስለተባለ ነው።

አሁን የሚያስፈልገው ይህ ነው። ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ በብር ሳይሆን በዕቃ እንቁጠረው። ለወደቀው ጎን ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ 60፣ ከእሱ 6ቱ ለቅያሪና ለብክነት፤ ባለ 4 ሜትር ሞራሌ (ቆርቆሮው የሚመታበት እንጨት) 28፤ ኮልሞ (የጣራው አናት መክደኛ) 13 ሜትር፤ አሸንዳ ለሁለቱም ጎን 26 ሜትር ከነመውረጃ ቱቦው፤ ጎማ ያለው የቆርቆሮ ሚስማር። በዓይነት የምትሰጡ ወገኖች፣ እባካችሁ ቆርቆሮው ባለ 32 ጌጅ ወይም ከዚያ የወፈረ ይሁን። ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚወፍረው፤ 35ቱን አምጥታችሁ እንዳታስቀይሙን። የጉልበት ሥራውን የሰፈሩ ቅሬዎች (ዕድሮች) ተራ ገብተው ለመሥራት ተስማምተዋል፤ የሚከፈለው አናጢው ብቻ ነው።

የራሱን መጽሐፍ ዝናብ ያገኘበት ካለ፦ ሻጋታ በ48 ሰዓት ውስጥ ስለሚጀምር ሳይውል ሳያድር ያድርቀው። ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ ይጣመማል። ገጹን ከፍቶ ማቆም፣ በየ20 ቅጠሉ መሐል ያልታተመበት ነጭ ወረቀት ማስገባትና መቀያየር ይበቃል። የሚያብለጨልጭ ወረቀት ከደረቀ በኋላ ተጣብቆ ስለሚቀር ቅድሚያ ለእሱ።

መዋጮው የበጀቱ ምትክ አይደለም። ይህን አጥብቀን የምንናገረው «ሕዝቡ ራሱ ይሠራዋል» ተብሎ የሚቀጥለውም ዓመት በጀት እንዳይቆረጥ ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በአገር ደረጃ ይህን እያየን፣ ቤቱ መብራትና ጠረጴዛ የሌለው ልጅ የሚያነብበትን አዳራሽ መዝጋት ምን ዓይነት ቁጠባ ነው? አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ስለዚህ በሰኔ፣ በጀቱ ሳይጸድቅ፣ የጥገና፣ የመጽሐፍ መግዣና የጥበቃ በጀት እንዲመለስ የሚጠይቀውን ደብዳቤ ፈርሙ። ደብዳቤው በየቅሬው ዳኛ እጅ አለ፤ ስምና የቀበሌ መታወቂያ ቁጥር ይሞላበታል። የመረጣችሁትን የምክር ቤት አባልም በአካል አግኝታችሁ ጠይቁ።

ለሙስሊሙ ሰደቀቱል ጃሪያ፣ ማለትም ምንዳው የማይቋረጥ ምጽዋት ነው፣ ለክርስቲያኑም ምጽዋት። ደሴ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ሲሠራ ሁለቱም ወገን አብሮ ድንጋይ ያቀበለባት ከተማ ናት፤ ለዚህ ቤት ልመናው ሊበዛ አይገባም ነበር። ዐረብ አገር ያላችሁ ልጆቻችን፣ ጥቂትም ቢሆን በቤተሰባችሁ በኩል አድርሱን።

ስለ ክፍያው፦ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ማኅተም ተመትቶበት በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጥፏል፤ በቅሬ ዳኞችም እጅ አለ። ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በ3 ሰው ፊርማ ነው። ስትልኩ በምክንያቱ ቦታ «ክዳን» ብላችሁ ጻፉ፤ ካልተጻፈ ከሌላው ገቢ ጋር ይቀላቀልብናል። በግለሰብ ስም ቴሌብር አንቀበልም። ደግመን እንላለን፣ በማንም ስልክ ላይ አትላኩ፤ በስማችን የሚደውል ቢኖር ከእኛ አይደለም። ጥሬ ገንዘብ የምትሰጡም ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳትይዙ አትሂዱ። ዕቃ የሚመጣው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጧት ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚረከብ ሰው የለም።

የቤተ መጻሕፍቱ ድጋፍ ኮሚቴ፣ ደሴ